ለጓደኛዬ የፈተንኳት ቀይ መኪና

ጓደኛዬ መኪና ሊገዛ መሆኑን ሲነግረኝ ትራክተር ስር ተኝቼ ነበር። ጎንበስ ብሎ በጎማዎቹ መሃል አየኝና «ቀይዋን ልገዛት ነው፤ ነገ ጠዋት መጥተህ እይልኝ» አለኝ።

የትኛዋን ብዬ አልጠየቅኩም። ያን ጊዜ አሰላ ውስጥ «ቀይዋ» ከተባለ አንዲት መኪና ብቻ ናት፤ ሁለት በር ያላት፣ ከመሬት ብዙም ያልራቀች፣ ለሩጫ የተሠራች የጣሊያን መኪና። ባለቤቷ የናዝሬት ሰው ነበር። ወደ ባሌ ሲያልፍ የያዝኩትን መፍቻ አስቀምጬ ድምጿን አዳምጥ ነበር። ባለፈው ክረምት ሳጉሬ መንገድ ላይ ሞተሯ ተሰብሮ በጭነት መኪና ስትጎተትም አይቻታለሁ። አሁን ናዝሬት ላይ ሞተሯ ወርዶ፣ ያለቀው ዕቃ ተቀይሮ፣ እንደ አዲስ ተገጥሟል ተባለ።

እኔና ጓደኛዬ እስከ ስምንተኛ ክፍል አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን ተምረናል። ከዚያ እሱን አባቱ፣ የሳጉሬ እህል ነጋዴ፣ አዲስ አበባ ላከው፤ እኔ አባቴ ሲሞት ጋራዥ ገባሁ። የሞተርን ነገር ማንም አላስተማረኝም። ሽፋኑ የተገነጠለ አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነበረኝ፤ በመዝገበ ቃላት እየተረጎምኩ ለመጨረስ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። እሱ ደግሞ መኪና ሳይኖረው የመኪና መንጃ የቆዳ ጓንት ነበረው። ያ ጓንት እንዴት እንደሚያናድደኝ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

በማግስቱ ሻጩ ያደረበት ሆቴል ግቢ የደረስኩት ጎህ ሲቀድ ነው። ሞተሩን አስቀድሞ አሙቆ የሚጠብቅ ሻጭ ብዙ ነገር ይደብቃል። ኮፈኗን ዳሰስኩት፤ እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል። ሻጩ የሚደብቀው የለውም ማለት ነው። ደስ ሊለኝ ሲገባ ቅር አለኝ።

ጓደኛዬ ከአጎቱ ጋር መጣ። አጎቱ ዕድሜያቸውን ሙሉ ፈረስ ሲገዙና ሲሸጡ የኖሩ የአርሲ ሰው ናቸው። መኪናዋን አንዴ ዞሯትና ሻጩን «ይቺ ጥርስ የላት፤ ዕድሜዋን በምን እንወቅ?» አሉት።

«ይጠይቁኝ፣ እኔ እነግርዎታለሁ» አለ ሻጩ እየሳቀ።

«ባለ ፈረስማ ሁልጊዜ አራት ዓመቷ ነው ይላል።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። እሳቸው በለመዱት የፈረስ ገበያ ገዢ ብቻውን አይሄድም፤ ዓይን ያለው ሰው ይዞ ይሄዳል። ያ ሰው ዋጋ ውስጥ አይገባም፤ «ግዛ» ወይም «አትግዛ» ብቻ ይላል። «አትግዛ» ካለ ግን እጁን ፈረሱ ላይ አሳርፎ ነውሩን ለባለቤቱ ፊት ለፊት መናገር አለበት። የሰው ፈረስ በሹክሹክታ አይሰደብም። «ዛሬ ዓይናችን አንተ ነህ» አሉኝ።

ሥራዬን ጀመርኩ። ካንዴላዎቹን አንድ በአንድ ፈትቼ ጫፋቸውን አየሁ። የዘይቱን መለኪያ ስቤ ዘይቱን በጣቶቼ መሃል አሸሁት፤ የብረት ብናኝ የለውም። የራዲያተሩን ክዳን ከፍቼ ውሃው ላይ ዘይት ፈለግኩ፤ አጣሁ። ሞተሩን አስነስቼ የዘይት መሙያውን ክዳን ከፈትኩ፤ ፒስተኑ ጭስ ቢያሳልፍ ኖሮ በዚያ በኩል ይተነፍስ ነበር፤ አልተነፈሰም። የሠራት ሰው እጁ ንጹሕ ነው። እኔ ብሠራት ከዚህ አላሻሽላትም ነበር። ይህን ሳስብ በእሱም ቀናሁበት፤ ስሙን እንኳ የማላውቀውን መካኒክ።

«ንዷት እንጂ» አለ ሻጩ። «አጎትዬውን ግን መያዣ አድርጋችሁልኝ ሂዱ።»

«እኔን ከያዝክ ቁርሴ ባንተ ነው» አሉት አጎቱ።

መጀመሪያ ጓደኛዬ ነዳ። ማርሽ ባስገባ ቁጥር የማርሹ ጥርስ ሲፋጭ የኔ ጥርስ ይፋጭ ነበር። ከከተማ ስንወጣ መሪውን ለኔ ለቀቀልኝ። የሳጉሬን መንገድ ይዤ ዳገቱን ጀመርኩ። የምታዳምጠኝ መሰለኝ፤ ነዳጅ መስጫውን በእግሬ ስነካ ትነሳለች። ጓደኛዬ ጎኔ ተቀምጦ እንደ ልጅ ይስቃል። ከዛሬ በኋላ እሱ እየነዳት በጋራዡ በር እንደሚያልፍ፣ እኔም ትራክተር ስር ሆኜ እንደምሰማው ታየኝ።

ዳገቱ አጋማሽ ላይ በመስተዋቱ ጥቁር ጭስ አየሁ። እሱም አየው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

ምን እንደሆነ ወዲያው አውቄ ነበር። ሰማያዊ ቢሆን ዘይት ነው፤ ጥቁር ቤንዚን ነው። ቤንዚኗን የመጠኑላት ናዝሬት፣ ቆላ ላይ ነው፤ የኛ ደጋ አየር ስስ ስለሆነ ቤንዚኑ ይበዛባታል። ካርቡራቶሯ ውስጥ ያሉትን፣ ቤንዚን የሚያልፍባቸውን ሁለት ትናንሽ ባለ ቀዳዳ ናሶች ቀዳዳቸው በጠበበ መቀየር ብቻ ነው። እንደዚያ ያሉ ሁለት ናሶች ከወላለቀ መኪና አውጥቼ በዕቃ ሳጥኔ ውስጥ አስቀምጫለሁ።

«እንጃ፣ ጭሱ ጥሩ አይደለም» አልኩት።

ሳቁን አቆመ። መኪናዋን አዞርኳት።

ግቢው ስንገባ አጎቱ ፊታችንን አይተው ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «እህሳ?»

«አይግዛ» አልኩ።

ሻጩ ከመቀመጫው ተነሳ። አጎቱ በእጃቸው መለሱትና «እጅህን አሳርፍና ንገረው» አሉኝ።

እጄን ኮፈኑ ላይ አሳረፍኩ። አሁን ይሞቃል፤ ሞተሩ ከስሩ እኩል ይመታል፣ አንዲት ምት አያጎድልም። የፒስተኑ ቀለበት፣ ፋሻው፣ አልቋል ልል አፌ ላይ ነበር። የሞተርን ነገር አበላሽቼ መናገር ግን አልቻልኩም።

«ዳገት ላይ ጥቁር ታጨሳለች» አልኩት።

«ጥቁር ቤንዚን አይደለም እንዴ?» አለ ሻጩ።

«ቤንዚን ነው።»

«ይስተካከላል?» አሉ አጎቱ።

«ይስተካከላል።»

«በስንት ቀን?»

«በግማሽ ሰዓት።»

ጓደኛዬ አየኝ። «ሌላስ? ሌላ ምን አገኘህባት?»

«ሌላ የላትም።»

«ታዲያ ለምን አይግዛ አልክ?» አለኝ።

አጎቱ እጄን ከኮፈኑ ላይ አነሱና «ሂድ ልጄ፣ ፊትህን ታጠብ» አሉኝ። ፊቴ ንጹሕ ነበር።

ጓደኛዬ ያኑ ዕለት ገዛት። እንዳስተካክልለት ግን አልጠየቀኝም። ለማስተካከል ናዝሬት ድረስ ወሰዳት፤ እዚያ ቆላው ላይ አስተካክለው ሰጡት፤ ደጋ ስትወጣ መልሳ አጨሰች። ደግሞ ወሰዳት። አሰላ ያለ ሰው መጠየቅ አልፈለገም፤ ሰው ማለት ደግሞ እኔ ነበርኩ።

በጋራዡ በር ሲያልፍ ጡሩምባ ነፍቶ ሰላም ይለኛል እንጂ አይቆምም። ጥቁሩ ጭስ መንገዱ ላይ ሲንሳፈፍ፣ እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ ላይ ደስ ይለኝ ነበር። አንድ እሑድ ሁለቱን ናሶች በጨርቅ ጠቅልዬ እስከ ቤታቸው ሄድኩ። መኪናዋ ደጅ ላይ ቆማለች፤ እሱ ጓንቱን እንዳጠለቀ መስተዋቷን ይወለውላል። ጀርባውን ነበር የሰጠኝ። ትንሽ አየሁትና ሳልጠራው ናሶቹን ይዤ ተመለስኩ።