እህል በረንዳ የጸዳባቸው ሦስት ቀናት

ዘመኑ የጃንሆይ ነበር፤ ዓመቱን ግን ለመናገር አልደፍርም። ማስታወሻዬ ጠፍቷል፤ ትዝታዬንም እንደ ማስረጃ መቀበል ከተውሁ ቆይቻለሁ። ከባሕር ማዶ የመንገድ ምሕንድስና ተምሬ በተመለስሁ በሁለተኛው ዓመት ይመስለኛል፣ መሥሪያ ቤቴ ከእህል በረንዳ ቁልቁል በሚወርደው ኮረኮንች የሚያልፈውን መኪና እንድቆጥር አዘዘኝ።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። አስፋልት የሚነጠፈው መንግሥት ከውጭ በሚበደረው ገንዘብ ነው፤ አበዳሪዎቹም በመንገዱ ላይ በቂ መኪና መመላለሱን ሳያረጋግጡ አይፈርሙም። ስለዚህ ልዑካናቸው ሦስት ቀን ተቀምጠው ቆጠራውን ሊመለከቱ ቀጠሮ ተያዘ።

ከቁልቁለቱ ሥር፣ እትዬ እያልሁ የምጠራቸው ባልቴት የጤፍ መጋዘን ነበራቸው። በየክረምቱ ጎርፉ እየገባ ጤፉ በጆንያው ውስጥ ይበቅላል፤ ጎርፉን የሚያስቀረው ከአስፋልቱ ጋር የሚቆፈረው ቦይ ብቻ ነበር። አንድ ክረምት እንዲህ ከደገመ መጋዘኑን ትተው እንደሚሄዱ ነግረውኛል።

አለቃችን ዕቅድ ማለት አቀባበል ማለት የሚመስላቸው ሰው ነበሩ። እንግዶቹ አቧራና አህያ እንዳያዩ አዘዙ። ከጎጃም እህል የጫኑ መኪኖች ከከተማው መግቢያ እንዲቆሙ ተደረገ፤ አህዮቹና ተሸካሚዎቹ ወደ ራጉኤል ጀርባ ተባረሩ፤ አጥሩ ሁሉ ኖራ ተቀባ። የሚቆጠረውን እያባረርን መሆኑን ለአለቃዬ መናገሬን አስታውሳለሁ። ምናልባት ግን የማስታውሰው መናገር የነበረብኝን ይሆናል።

መጋዘናቸውን ከሁሉ በፊት የዘጉት እትዬ ነበሩ። እንግዳ ሲመጣ ቤት ይጸዳል ብለው ጎረቤቱን ሁሉ አዘጉ፤ ደጃፉንም በእጃቸው ጠረጉ።

«ከረባትህን አቧራ እንዳይነካብህ ብለን ነው፣ ልጄ» አሉኝ። «እንግዲህ አስፋልታችንን አደራ።»

ልዑካኑ ከጥላ ሥር ተቀምጠው ሦስት ቀን ሙሉ ባዶ መንገድ ተመለከቱ። በቅጼ ላይ የሰፈሩት መኪኖች እነርሱኑ ለምሳ የሚያመላልሱት የመሥሪያ ቤታችን መኪኖች ብቻ ነበሩ። ምሳው የሚበላው መንገዱ እንደ እኛው ለአስፋልት በታጨ በአንድ ጸጥ ያለ የሹማምንት ሠፈር ነበርና፣ እዚያ ለቆጠራ የተመደበው ባልደረባዬም እነዚያኑ መኪኖች ከቪላዎቹ መኪኖች ጋር ደምሮ መዘገበ። እኔ በጥንቃቄ ቆጠርሁ፤ በጥንቃቄም ፈረምሁ። ትምህርቴ ያስተማረኝ ይህንኑ ነበር።

መልሱ ሲመጣ ክረምት ገብቶ ነበር። አስፋልቱ ለሹማምንቱ ሠፈር ተፈቀደ፤ የእህል በረንዳው መንገድ ግን ተመላላሽ የሌለው ሆኖ ተገኘ። አለቃችን ዕቅዱ በግማሽ ተሳክቷል ብለው ደስታቸውን ገለጡልን።

እትዬን ላገኛቸው ወረድሁ። ጭቃው ጫማዬን ዋጠው። ከመጋዘናቸው ውስጥ የበቀለ ጤፍ ከደረቁ እየለዩ ነበር። ቀና ሳይሉ ምን ብዬ እንደ ጻፍሁ ጠየቁኝ።

«ያየሁትን ነው የጻፍሁት፣ እትዬ።»

«እኛን ደብቃችሁ?»

እትዬ መጋዘኑን በዚያው ቀን ለቀቁ። የተረፈውን ጆንያ አስጭነው፣ እየተንሸራተቱ በሚወጡት አህዮች ኋላ ዳገቱን ወጡ። እኔም ከዳር ቆሜ፣ ማንም ሳያዝዘኝ አህዮቹን ቆጠርሁ። አራት ነበሩ፤ ወይም አምስት። ያን ዕለት የጻፍሁት ነገር ስለሌለ ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም።