ራሞንን ከበር የመለስኩበት ምሽት

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ 2006፣ ሚኒያፖሊስ በመጣሁ በሦስተኛው ዓመት ነው። ተበዳዩ እኔ ብሆን ኖሮ እስካሁን በረሳሁት ነበር። በዳዩ ግን እኔ ነበርኩ።

ቀን ቀን ኤርፖርት ዊልቸር እገፋ ነበር። ዓርብና ቅዳሜ ማታ ደግሞ አንድ የላቲን ጭፈራ ቤት በር ላይ ፓርት ታይም እሠራ ነበር። ቁመቴን አይተው ነው የቀጠሩኝ። ባለቤቱ በመጀመሪያው ቀን፣ «የማንፈልገው ሰው ሲመጣ የግል ፕሮግራም ነው በለው» አለኝ። የማይፈለገው ማን እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ አልፈጀብኝም። ጠቆር ያለው ነው። እኔም ጥቁር ነኝ፤ ግን ሥራ ነው ብዬ ዝም አልኩ።

አንድ ዓርብ ማታ ገና በጊዜ ራሞን መጣ። ራሞን የዶሚኒካን ሰው ነው፤ ኤርፖርት አብረን ነው የምንሠራው። ምሳውን ሳያካፍለኝ በልቶ አያውቅም። የተጋቡበትን ቀን ሊያከብሩ ነጭ ሸሚዙን ተኩሶ፣ ጫማውን ወልውሎ ከሚስቱ ጋር ነው የመጣው። እሷ ቀይ ናት፤ እሱ እንደኔ ጥቁር ነው። እዚያ እንደምሠራ አያውቅም ነበርና ሲያየኝ ፊቱ በራ።

የጭፈራ ቤቱ ባለቤት ከኋላዬ ቆሞ ኖሮ በጆሮዬ፣ «እሷ ትግባ፣ እሱ አይገባም» አለኝ።

ወደ ራሞን ዞርኩ። የተባልኩትን አልኩት።

«ራሞን፣ ዛሬ... የግል ፕሮግራም ነው።»

ወዲያው ሁለት ነጭ ልጆች ቁምጣ እንደለበሱ አጠገባችን አልፈው ገቡ። ራሞን እነሱን አየ፤ ከዚያ እኔን አየኝ። «እሺ ወንድሜ» ብሎ የሚስቱን እጅ ያዘ። እሷ ግን ንቅንቅ አላለችም። በስፓኒሽ አንድ ነገር ተናገረችኝ። ቃሉን ባላውቀውም ገብቶኛል።

ሰኞ ብሬክ ላይ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩት።

«አገሬም እያለሁ ከበር የሚመልሰኝ እንደኔው ጥቁር ነበር» አለኝ። «ባለቤቶቹ ራሳቸው ወጥተው አይነግሩህም። አንተን አልተቀየምኩህም። ግን ለሚስቴ፣ አሜሪካ እንዲህ ያለ ነገር የለም ብያት ነበር።»

ያኔውኑ ሥራውን ተውኩት ብል ደስ ባለኝ። አልተውኩትም። ሁለት ዓርብ ተመልሼ እዚያው በር ላይ ቆምኩ። በሦስተኛው አንዲት ጠቆር ያለች ልጅ ከጓደኞቿ ለይቼ እንድመልስ ታዘዝኩ። አልቻልኩም። የሥራ ጃኬቴን አውልቄ ለባለቤቱ ሰጠሁትና ሄድኩ።

ከራሞን ጋር ዛሬም ወዳጆች ነን። ከከተማው ወጣ ብሎ ሮቢንስዴል ያለው ቤቱ ይጠራኛል፤ ነገሩን አንድም ቀን አንስቶት አያውቅም። ሚስቱ ምግብ ታቀርብልኛለች፣ ዓይኔን ግን አታይም። አልፈርድባትም። ያን ሰኞ ይቅርታ የጠየቅኩት እሱን ብቻ ነው። እሷን እስካሁን አልጠየቅኳትም።