ኮሶ የጠጣ ሰው አይጎበኝም

ባለፈው ሳምንት ልጄ ስልኩን አቀብሎኝ አንድ ማስታወቂያ አስነበበኝ። ትልቁን አንጀት በውሃ አጥበው ለዓመታት የተጠራቀመ መርዝ እናወጣለን ይላል። ሆድህን አሞሃል ወይ ብዬ ጠየቅሁት። አላመመውም። «ለንጽሕና ነው አባዬ» አለኝ። እንዲህ ያለ ነገር ከሰማሁ ዘመን አልፎ ነበር።

በጃንሆይ ጊዜ ማብቂያ ላይ ቢቸና አስተማሪ ነበርኩ። መላኩ ከሚባል የሞጣ ልጅ ጋር አንድ ቤት ተከራይተን እናስተምር ነበር። መላኩ በየሁለት ወሩ ኮሶ ይጠጣል። ይህ ብርቅ አልነበረም፤ ጥሬ ሥጋ የምንወድ ሁሉ ለኮሶ ትል አበባውን ወቅጠን እንጠጣ ነበር። እሱ ግን ትል አልነበረበትም። በሐኪም ፈንታ የሚያክሙን የክሊኒኩ ድሬሰር ሁለት ጊዜ መርምረው ነግረውታል። «ትል ባይኖር እድፍ አይጠፋም» ይላል መላኩ።

ጥር ላይ ሞጣ ሄዶ ሊያገባ ቀን ተቆረጠ። እናቱ ሆድህን ሳታጠራ ሙሽራህ ዘንድ እንዳትቀርብ ብለው የተወቀጠ ኮሶ በመንገደኛ ላኩለት። እሱም አንድ ቅዳሜ ማለዳ የሁለት ሰው መጠን በጥብጦ ጨለጠው። እኔ ሳቅሁበት እንጂ አልከለከልኩትም።

ያኔ ኮሶ የጠጣ ሰው አይጎበኝም፤ አለቃውም ቢሆን ለሥራ አይጠራውም። እንደ ወጉ በሩን ዘግቼበት ደጅ ፀሐይ እየሞቅሁ ደብተር አርም ጀመር። አዲስ ጤፍ የጫኑ አህዮች ወደ ገበያ ያልፋሉ፤ ከጎረቤት የሚቆላ ሽምብራ ይሸታል። ደስ የሚል ቀን ነበር፣ ምን ልበል። የመጣውን ጠያቂ ሁሉ መለስኩ። እኩለ ቀን ላይ ድሬሰሩ ራሳቸው መጡ። ኮሶ መጠጣቱን ስነግራቸው ፊታቸው ጠቆር አለ።

«ገብቼ ልየው» አሉኝ።

«ነውር ነው ጋሼ፣ ማታ ይመለሱ» አልኳቸው።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ጠላ ላቀምሰው ስገባ መሬት ላይ ወድቋል። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፣ ዓይኑ ጎድጉዷል፣ ብጠራው አይሰማም። ከጎረቤቶች ጋር በቃሬዛ ተሸክመን ክሊኒክ አደረስነው። ድሬሰሩ ግሉኮስ ሰክተውለት ሁለት ቀን ካጠገቡ አልተለዩም። እኔን አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን መላኩ አፉን ፈታ።

«የድሬሰሩን ድምፅ በሩ ላይ ሰምቼ ነበር» አለኝ።

«ታዲያ ለምን አልተጣራህም?»

«እንዲያ ተበላሽቼ? አፈርኩ።»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። መላኩ ደበቀ፤ እኔ ደግሞ በሩ ላይ ቆሜ አስደበቅሁት። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ሆነ። በቅሎ ላይ ሲወጣ ገና እግሩ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አብሬው ሞጣ ድረስ ስሄድ አንድም ቀን ቀና ብዬ ሳላየው ቀረሁ።

ይህን ሁሉ ለልጄ ነገርኩት። ኮሶ ሌላ፣ ይህ ሌላ ነው አለኝ። ሐኪም አይደለሁምና አልተከራከርኩትም፤ ያልታመመ ሆድ ለምን እንደሚታጠብ ግን እስከ ዛሬ የሚያስረዳኝ አላገኘሁም። ትልቅ ሰው ነው፣ አልከለክለውም። ከሄድክ አብሬህ እሄዳለሁ አልኩት።

«መጥተህ ምን ልታደርግ?» ብሎ ሳቀ።

«እገባለሁ» አልኩት። «ነውር ነው ቢሉኝም እገባለሁ።»