የቫንዲ አያት በአርባ አንድ ወረቀት ላይ

ትልልቅ ሴቶች ለአክብሮት ‹ማ›፣ ወንዶች ‹ፓ› በሚባሉበት በኬኔማ ከተማ ማ ሚያታ ላንሳና ሠላሳ አራት ዓመት እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ የማይሻር አንድ ሕግ ነበራቸው፤ ተማሪ የሚጽፈው ዓረፍተ ነገር ከገዛ ቤቱ የወጣ መሆን አለበት። ጆንና ሜሪ የሚመላለሱበትን ዓረፍተ ነገር በቀይ እስክሪብቶ ይሰርዙና «እነዚህ ሰዎች የት ሰፈር ነው የሚኖሩት?» ብለው ይጠይቃሉ። ልጁ ሲያቀረቅር «እንግዲያው የምታውቀውን ሰው ጻፍልኝ» ይሉታል።

ሕጉ ከምንጊዜውም በላይ የሚጠነክረው ‹ሉክ› የሚለው ግስ ላይ ሲደርሱ ነበር። ማየት ብቻውን ሲቆም ቀላል ነገር ነው፤ ከኋላው አንዲት ትንሽ ቃል ስትከተለው ግን ጠባዩ ሁሉ ይለወጣል። ‹ሉክ አፍተር› ሲሆን ይንከባከባል፤ ‹ሉክ ዳውን ኦን› ሲሆን ይንቃል፤ ‹ሉክ ኢንቱ› ሲሆን ይመረምራል፤ ‹ሉክ ፎርዋርድ ቱ› ሲሆን በጉጉት ይጠብቃል፤ ‹ሉክ አዌይ› ሲሆን ፊቱን ያዞራል። ማ ሚያታ አምስቱንም በሰውነታቸው ያሳዩ ነበር። ለንቀቱ አገጫቸውን ቀና አድርገው የፊተኛውን ልጅ ቁልቁል ያዩታል። ለመጨረሻው ደግሞ ወደ መስኮቱ ዞረው፣ ክፍሉ እስኪንጫጫ ድረስ ዝም ብለው ይቆማሉ።

በዚያ ሁሉ ዘመን ያልረሱት ዓረፍተ ነገር ቫንዲ ካሎን የተባለ ልጅ የጻፈው ነው። «አያቴ ድምጿ እስኪዘጋ እየጮኸች ሩዛችንን ከወፍ ትጠብቃለች» ይላል፤ ግሱም ‹ሉክ አፍተር› ነበር። ሙሉ ነጥብ ሰጥተው፣ ለምርጥ ሥራ እንደሚያደርጉት ሁሉ፣ ልጁን አቁመው ጮክ ብሎ እንዲያነበው አደረጉት። ቫንዲ አድጎ እሱም የእንግሊዝኛ መምህር ሆነ።

ማ ሚያታ ጡረታ ከወጡ ወዲህ በፈተና ሰሞን ለፈታኝነት ይጠራሉ። በአንዱ ዓመት የተመደቡት ከከተማው ዳር፣ ከኮረብታው ሥር ወዳለ ትምህርት ቤት ነው፤ የትምህርት ቤቱ የእንግሊዝኛ መምህርና የፈተናው ኃላፊም ያው ቫንዲ ነበር። ሲያዩት ደስ አላቸው።

ልጆቻቸው የሚፈተኑላቸው ቤተሰቦች ለፈታኞች የምሳ ድስት የሚሆን ነገር ያዋጣሉ። አንዱ ሩዝ፣ አንዱ የዘንባባ ዘይት፣ አንዱ በጭስ የደረቀ ዓሣ፣ ምንም የሌለው ማገዶ ያመጣል። የቀረበለትን ሳህን የሚመልስ ሰው እናቶቹን እንደ ሰደበ ይቆጠራል። ድሮ ምሳው የሚቀርበው ወረቀት ተሰብስቦ ካለቀ በኋላ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ግን ፈተናው ተጋምሶ ሳለ ቫንዲ በበሩ ብቅ አለ።

«ማ፣ ሳህኑ ቀርቧል። ከበረደ እናቶቹ ይቀየማሉ። እኔ እቆምልዎታለሁ።»

ፈታኝ ከአዳራሽ እንደማይወጣ ማ ሚያታ አሳምረው ያውቃሉ። ነገር ግን የካሳቫው ቅጠል ወጥ ሽታ ደርሷቸዋል፤ ባልደረባቸው ፓ ብሪማም ቀድመው ተነሥተዋል። ሄዱ፤ በሉ። በሁለተኛውም ቀን እንዲሁ።

በሦስተኛው ቀን ፈተናው እንግሊዝኛ ነበር። ሳህኑ ፊታቸው እንደ ተቀመጠ የዓሣውን እሾህ ለመልቀም መነጽራቸውን ቢፈልጉ የለም፤ አዳራሹ ጠረጴዛ ላይ ረስተውታል።

«ተቀመጡ እንጂ» አሉ ፓ ብሪማ ጉንጫቸው ሞልቶ። «እኔ እለቅምልዎታለሁ፤ እንደ ሙሽራ ላጉርስዎት?»

«የራስዎን ጉሮሮ ይጠብቁ» ብለው ማ ሚያታ ተመለሱ።

በሩን ሲከፍቱ ቫንዲ ጠመኔ ይዞ ጥቁር ሰሌዳው አጠገብ ቆሟል። አርባ ያህል አንገት በአንድነት ቀና ይላል፤ በአንድነት ያቀረቅራል። መነጽራቸውን ከጠረጴዛው አንሥተው አድርገው ሰሌዳውን አነበቡ። ፈተናው በጠየቃቸው አምስት የ‹ሉክ› ግሶች አምስት ዓረፍተ ነገሮች ተሠርተዋል፤ የመጀመሪያው «አያቴ ድምጿ እስኪዘጋ እየጮኸች» ይላል። የፊደሉ አጣጣል ራሳቸው ያስተማሩት ነው።

«ምንድን ነው ይሄ፣ ቫንዲ?»

«መነጽር ረስተው ነው፣ ማ? ሰው እልክልዎት ነበር እኮ።»

«የጠየቅሁህን መልስ።»

«ሁሉም የሚያደርገውን ነው ያደረግሁት። እኛ ብቻ ብንተው የኛ ልጆች ብቻ ይወድቃሉ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደግሞ ያለፉትን ሁለት ቀናት ለምን ከዚህ የወጡ መሰለዎት? ሩዙ ጣፍጦዎት አልነበር?»

ማ ሚያታ በጣታቸው ወደ መጀመሪያው ዓረፍተ ነገር አመለከቱ።

«አያትህን እንኳ አታፍርም?»

«አያቴ ሞታለች፣ ማ። ዓረፍተ ነገሯ ግን አሁንም ሙሉ ነጥብ ያመጣል። የሰጡኝ እርስዎ ነዎት።»

ማ ሚያታ በረድፎቹ መካከል እያለፉ ወረቀቶቹን ተመለከቱ። ሩዝ ዘርቶ የማያውቀው የነጋዴ ልጅ አያት አለችው፤ አያቷን ያላየችው ልጅም አያት አላት፤ ሁሉም አንዲት አሮጊት ናት፤ ድምጿ የተዘጋው በአንድ ማሳ ላይ ነው።

በመጨረሻው ረድፍ፣ ጥጉ ላይ፣ ቀና የማትል አንዲት ልጅ ነበረች፤ ስሟ ባይንዱ ነው። ወረቀቷ ላይ አያት የለችም። «እናቴ ታናሼን ትንከባከባለች፤ እኔን የሚንከባከበኝ የለም» የሚል ዓረፍተ ነገር ነበር፤ ከሥሩም «መምህራችን ለድስቱ ያላመጣነውን ይንቀናል» ይላል። ሁለት ስሕተት አለበት፤ ግን የሷ ነው።

«አንቺስ ለምን አልገለበጥሽም?»

«ሰሌዳው ከዚህ አይታየኝም፣ ማ። ዓይኔ ደካማ ነው።»

«ታዲያ ፊት አትቀመጪም?»

«ፊት የሚቀመጡት ለድስቱ ያመጡት ናቸው።»

«ማገዶ እንኳ አላመጣችም» አለ ከፊቷ የተቀመጠው ልጅ፤ ጎረቤቱ ሳቀ።

ማ ሚያታ ይህን ሲሰሙ ሁለት ቀን ሙሉ የበሉት የፊት ወንበርና የሰሌዳው መልስ ዋጋ እንደ ሆነ ገባቸው።

ፈተናው ሲያበቃ ፈታኞች የሚፈርሙት ቅጽ ቀረበ። «ፈተናው በሥርዓቱ ተካሂዷል» ይላል። ፓ ብሪማ ጢማቸውን እየጠረጉ ፈረሙ። «እኔና እርስዎ ጡረተኞች ነን» አሉ። «በሰላም ቤታችን እንግባ።»

ቫንዲ እስክሪብቶ አቀበላቸው። «ለዚያች ልጅ ካዘኑላት ይፈርሙ፣ ማ። ካልፈረሙ የአዳራሹ ወረቀት በሙሉ ይሰረዛል፤ የሷም አብሮ።»

እውነቱን ነበር። ማ ሚያታ ቅጹን ተቀበሉ። ቢፈርሙ ባይንዱ በላቧ ታልፋለች፤ የገለበጡት አርባ አንዱም በሌላ ሰው አያት ያልፋሉ። ባይፈርሙ የምትጎዳው የሠራችው ናት። ከዚያ ቅጹን ገልብጠው በጀርባው ጻፉ። ሰሌዳው ላይ ያዩትን ሳያጋንኑ አሰፈሩ። ቀጥሎም «እኔ ራሴ ሁለት ቀን አዳራሹን ትቼ በላሁ፤ በሦስተኛው ቀንም ወጣሁ» ብለው ጨመሩ። በመጨረሻ የባይንዱን ቁጥር ጠቅሰው ወረቀቷ ለብቻው እንዲመረመር ለመኑ።

አልተመረመረም። ከሰባት ሳምንት በኋላ የአርባ ሁለቱም ውጤት መሰረዙ ተነገረ፤ ማ ሚያታም ከፈታኞች ዝርዝር ወጡ። ገበያ ሲወርዱ ዓሣ ሻጯ ቅርጫቷን በጨርቅ ሸፈነችባቸው። «ለእርስዎ አልሸጥም፣ ማ። የበሉበትን ድስት ይከሳሉ» አለች። ሴቶቹ ሳቁ። ማ ሚያታ ግን ዓሣ ከተዉ ሰንብተዋል፤ ሽታው አሁንም አዳራሹን ያመጣባቸዋል።

ቤታቸው ድረስ የመጣችው ባይንዱ ብቻ ናት። በረንዳው ላይ ቆማ አልቀመጥም አለች።

«ወረቀቴን አሰረዙብኝ።»

«አዎ፣ ልጄ።»

«የራሴን ነበር የጻፍኩት።»

«አይቻለሁ። ድጋሚው ፈተና ሦስት ወር ይቀረዋል። በየቀኑ ነይ፤ ባዶ እጅሽን ነይ።»

ጥቁር ቀለም የቀቡትን አሮጌ መዝጊያ ግድግዳው ላይ አስደግፈው ወንበሯን ከሥሩ አስጠጉላት። አምስቱን ግሶች ጻፉና ከራሷ አምስት ዓረፍተ ነገር እንድትሠራ አዘዟት። ባይንዱ እያኮረፈች ጻፈች፤ ደብተሩንም ሳታያቸው ሰጠቻቸው። ‹ሉክ አዌይ› ባለው ሥር «ማ ሚያታ ሩዝ ሲቀርብላቸው ሁለት ቀን ፊታቸውን አዞሩ» ይላል።

ማ ሚያታ ቀዩን እስክሪብቶ ከፍተው ሁለት ጊዜ አነበቡት። የሚሰረዝ ነገር ፈልገው አጡ። ሙሉ ነጥብ ሰጡና ደብተሩን መለሱላት።

«ተነሺ» አሏት፤ «ጮክ ብለሽ አንብቢው።»