አማቴን ላስቲክ ላይ ያስቀመጥኩ ዕለት

የሚስቴ አባት መኪናዬ ውስጥ ሽንት ያመልጣቸዋል ብዬ ጠርጥሬ አውቃለሁ። አዎ... እኔው ነኝ። አሁን እንኳን ስጽፈው ፊቴ ይግላል።

ነገሩ በዘጠናዎቹ ነው። አንዲት ያረጀች ፒካፕ ነበረችኝ፤ ከደጋው ከዶርዜ ድንችና ጎመን ጭኜ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ገበያ አራግፍባታለሁ። አማቴ አባባ ጋልጶ ደግሞ እዚያው ዶርዜ ነው የሚኖሩት። የተጣላ ማስታረቅ ሥራቸው ነው ማለት ይቻላል። ታች አርባ ምንጭ ጠብ ከተነሳ «እሳቸው ይምጡ» ይባላል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ጋቢና አስገብቼ አወርዳቸዋለሁ።

ከመግባታቸው በፊት የማይተዉት ነገር አለ። ከአጥሩ ሥር ለምለም ሳር ይነጩና የፊት መስተዋቱ ግርጌ፣ ዝናብ መጥረጊያው ሥር ይሸጉጣሉ። «በሰላም ያውርደን» ይላሉ። ለጋሞ ሽማግሌ ሳር ማለት ሰላም ነው፤ እኔም አሜን ብዬ ሞተር አስነሳለሁ።

በዚያ ክረምት ነው እንግዲህ... እሳቸውን ባወረድኩ ቁጥር በእሳቸው በኩል ወለሉ ረጥቦ ይገኛል። የወንበሩም ጠርዝ። ሽታም አለው፣ ደስ የማይል። ከተማ ውስጥ ስዞር በምውልበት ቀን ግን ደረቅ ነው። ራዲያተሩ ይሆናል ብዬ አየሁት፣ ውሃው አልጎደለም። የበሩን ጎማ ቀየርኩ፣ ያው ነው። ጣሪያውን ከውስጥ ዳበስኩት፣ ደረቅ። ከዚያ በኋላ ምን ልበላችሁ... የቀሩኝ ተጠርጣሪ አባባ ብቻ ሆኑ። ዕድሜያቸውም ገፍቷላ።

አንድ ቅዳሜ ሌሎች ሽማግሌዎችም ከኋላ ድንቹ ላይ ተሳፍረዋል። አባባ ሳራቸውን ሸጉጠው በሩን ሲከፍቱ፣ እኔ ድንች የምሸፍንበትን ላስቲክ አጥፌ ወንበራቸው ላይ አነጠፍኩ።

«ምንድነው ልጄ?»

«አይ... ወንበሩ እንዳይቆሽሽ ብዬ ነው አባባ።»

ላስቲኩን አዩት። ቀጥለው እኔን አዩኝ። ከኋላ ሲያወሩ የነበሩት ሽማግሌዎችም አንገታቸውን አስግገው አዩን። አባባ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተቀመጡ። እስከ ሲቀላ ድረስ በየኩርባው ላስቲኩ እየተንኮሻኮሸ ወረድን።

ሲወርዱ እጃቸውን ወደ ኋላ ሰደው ጋቢያቸውን ዳበስ አደረጉት። እርጥብ ነበር። ፊታቸው ላይ ያየሁትን ያኔ ንዴት መስሎኝ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ስደርስ ደጃቸው ላይ የሉም። ጎረቤታቸው ወጥቶ መልእክት ነገረኝ። «አርጅቻለሁ፣ ሌላ ሽማግሌ ፈልጉ ብለዋል» አለኝ። ታች ደግሞ በመሬት የተጣሉ ሁለት ቤተሰቦች እሳቸውን እየጠበቁ ነው፤ ያለ አባባ ለእርቅ አንቀመጥም ብለዋል።

ቤት ገብቼ ለሚስቴ ለወርቅነሽ ቀስ ብዬ «አባትሽ ሐኪም ቢያዩ ጥሩ ነው» አልኳት። ለምን ስትለኝ ነገርኳት... የላስቲኩንም ጭምር።

ወጥታ መኪናዋን ዞር ዞር ብላ አየቻት።

«ጀሪካኑን ሙላ» አለችኝ በመጨረሻ።

«ለምን?»

«ሙላ አልኩህ። መኪናዋን ደግሞ አፍንጫዋን ቁልቁል አድርገህ አቁማት፣ ከደጋ ስትወርድ እንደምትሆነው።»

አባቷ የሚቀመጡበት ገብታ በሩን ዘጋች። እኔ ጣሪያው ላይ አፈሰስኩ፣ ምንም የለም። በሩ ላይ አፈሰስኩ፣ አሁንም ምንም። እውነቱን ልናገር... ትክክል ልሆን ነው ብዬ ደስ እያለኝ ነበር። ቀጥዬ የፊት መስተዋቱ ላይ ለቀቅኩት።

«ና እይ» አለችኝ። ድምጿን እንኳን ከፍ አላደረገችም።

ከዳሽቦርዱ ሥር ውሃው ይንዠቀዠቃል፣ ቀጥ ብሎ እግሯ ላይ። ኮፈኑን ከፍተን መስተዋቱ ግርጌ ያለውን የንፋስ ማስገቢያ ስንፈትሽ ሳር ነው። የበሰበሰ፣ የጠቆረ፣ የሚሸት ሳር፤ በእፍኝ እያወጣነው አያልቅም። የዝናቡን መውጫ ደፍኖት፣ ውሃው መሄጃ ሲያጣ ቁልቁለቱ ላይ ወደ ውስጥ ይገለበጣል። ወለሉ ላይ የሚጎተተው የአባባ ጋቢ ደግሞ እየመጠጠ እስከ ወንበሩ ያደርሰዋል። ሰውየው እኔን በሰላም ግባ ብለው የሸጎጡት ሳር እኮ ነው።

ወርቅነሽ እጇን ታጠበችና «በል፣ አንተው ሄደህ ንገረው» አለችኝ።

በዚያው ከሰዓት ወደ ዶርዜ ወጣሁ። አባባ እሳት ዳር ተቀምጠዋል። እግራቸው ላይ ወደቅኩና ሁሉንም ነገርኳቸው፣ የጠረጠርኩትንም ሳልደብቅ። ስድቡንም እርግማኑንም ለመቀበል ተዘጋጅቼ ነበር።

«ታዲያ... እኔ አይደለሁም?» አሉኝ።

«አይደሉም አባባ፣ ሳሩ ነው» አልኳቸው።

«እግሬ በብርድ ይደነዝዛል፤ ውሃው ከየት እንደመጣ አይታወቀኝም። አንተ ላስቲክ ስታነጥፍ፣ በቃ ልጁ አይቶ ነው፣ እኔ ነኝ አልኩ። ሰው መሀል ተቀምጬ ቢያመልጠኝስ? ከዚያ ወዲህ ውሃ ፈራሁ። ከንፈሬን አርሼ ነው የምተወው።»

ተቆጡኝ ብዬ ልለምናቸው ምንም አልቀረኝም። አልተቆጡም። ምራታቸውን ጠርተው ውሃ አስመጡ፣ በትልቅ ቅል። እኔ ፊት አንስተው ሳያቋርጡ ጠጡት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር።

አፋቸውን በጋቢያቸው ጠረጉና «ተነስ በል፣ ሰዎቹ እየጠበቁን ነው» አሉኝ።

«አባባ፣ ወለሉን ምን አረጠበው?» ብዬ ለመጠየቅ ያፈርኩ ሰውዬ፣ ሽማግሌ ላስቲክ ላይ ለማስቀመጥ ግን አላፈርኩም።