እትዬ ዘይነብ የቆሙበት ውሃ

የደሴ ብርድ ቆዳ ያሰነጥቃል፤ ስለዚህ ልጄ ወደ ትምህርት ቤት ከመውጣቷ በፊት ጠዋት ጠዋት እግሯን ቫዝሊን እቀባታለሁ። ባለፈው ሰሞን ክዳኑን ስከፍት ሽታው ከወትሮው በላይ አፍንጫዬን አወደኝና፣ የልጅቷን እግር በእጄ እንደያዝኩ፣ ሐሳቤ ወደ ሐይቅ ከተማ፣ ደርግ ወድቆ እኛ ገና ደብተራችንን በፌስታል ይዘን ወደምንማርበት ዘመን ነጎደ። ልጄ ረፈደብኝ ብላ ባትነጫነጭ ኖሮ እዚያው እቀር ነበር።

ትምህርት ቤታችን በፈረቃ ነበር። የጠዋቱ ፈረቃ እኩለ ቀን ላይ ሲለቀቅ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ወላጅ ሁሉ እርሻና ገበያ ነው፣ ሐይቁ ደግሞ ከታች ተንጣሎ ያብረቀርቃል፤ ታዲያ የትኛው ልጅ ነው ቀጥ ብሎ ቤቱ የሚገባው? ወንዶቹ ቁልቁል ይንደረደራሉ፣ እኛ ሴቶቹም ውሃ እንቀዳለን በሚል ሰበብ እንከተላለን። ሐይቁ ዳሩ ላይ ከጉልበት አያልፍም፤ ጥቂት ገባ ሲሉ ግን ድንገት ይጎደጉዳል። አንድ ለእናቱ የነበረው የእትዬ ዘይነብ ልጅ፣ ሰይድ፣ እዚያ ነው የቀረው።

እትዬ ዘይነብ ከሐይቁ የሚመጣው መንገድ ከአስፋልቱ በሚገናኝበት ጥግ ቆሎ የሚሸጡ ቀጭን ሴት ነበሩ። ከሰይድ ሞት በኋላ ማንም ሳይሾማቸው የሁላችንም ጠባቂ ሆኑ። ከታች የሚመጣውን ልጅ ሁሉ ጠርተው ቅልጥሙን በአውራ ጣታቸው ጥፍር ጫር ያደርጉታል። ውሃ የገባ ቆዳ ሲደርቅ ነጭ መስመር ያወጣል፤ መስመሩ ከታየ ምሕረት የለም፣ ጆሮህን ተይዘህ እናትህ ደጃፍ ትደርሳለህ፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን እናትህ ታውቃለች። ያቺን ጥፍር ከዳይሬክተሩ አለንጋ ይበልጥ እንፈራት ነበር።

ወንዶቹ ግን መላ አላጡም። ታናሽ ወንድሜ ይመር የእናታችንን ቫዝሊን ሰርቆ ሐይቁ ዳር ቁጥቋጦ ሥር ደበቀና፣ ከዋና በወጡ ቁጥር እግራቸውን እየተቀቡ በእትዬ ዘይነብ ፊት ደረታቸውን ነፍተው ያልፉ ጀመር። እሳቸው ቢጭሩ ቢጭሩ መስመር የለም። አልሐምዱሊላህ፣ ልጆቹ ሰው ሆኑ እያሉ ለእናቶቻችን ያሞጋግሱን፣ ቆሎም እየቆነጠሩ ይሰጡን ነበር።

አንድ ቀን አያ ምስጋናው የሚባሉት ዓሣ አጥማጅ ይመርን ትከሻቸው ላይ አድርገው ሽቅብ መጡ። ጥልቁ ውስጥ ገብቶ ሲንደፋደፍ ከታንኳቸው ዘለው ነበር ያወጡት። ልጁ ውሃ ያስመልሰዋል፣ ይንቀጠቀጣል። ከኋላ ጓደኞቹ እያለቀሱ ተከትለዋል፤ በዚያ ሁሉ ድንጋጤ መሃል እንኳ መቀባቱን አልረሱም ነበርና እግራቸው እንደ ሙሽራ እግር ያብለጨልጫል። እትዬ ዘይነብ የአንዱን ቅልጥም ጫሩ፣ ጥፍራቸውን አሸተቱ፣ ከዚያም አስፋልቱ ዳር ቁጭ ብለው አለቀሱ። ዱላ ያነሳሉ ብዬ ስጠብቅ ያየሁት እንባ ነበር።

በማግስቱ እትዬ ዘይነብ በየቤቱ እየዞሩ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አያ ምስጋናው ለልጆቹ ሁሉ፣ ለሴቶቹም ጭምር፣ ዋና ሊያስተምሩ መስማማታቸውን ተናገሩ። እናቴ ከውሃ ጠብቂልን ብንልሽ ጭራሽ ውሃ ውስጥ ልትነክሪያቸው ነው ብላ በቁጣ ጦፈች። እትዬ ዘይነብ እስክትጨርስ ጠበቁና፣

"እኔም እኮ ከልክዬው ነበር" አሏት።

ቅዳሜ ሲደርስ እናቴ ሁለታችንንም ራሷ ይዛን ወረደች።

ከሰይድ በኋላ እትዬ ዘይነብ ሐይቁ ዳር ወርደው አያውቁም ነበር። ያን ዕለት ግን ቢስሚላህ ብለው ከነቀሚሳቸው ገቡና፣ ውሃው ደረታቸው ላይ ሲደርስ፣ ጥልቁ በሚጀምርበት ቦታ ጀርባቸውን ለሐይቁ ፊታቸውን ለእኛ ሰጥተው ቆሙ። ከሳቸው ወዲያ ማንም አያልፍም። አያ ምስጋናው ዳር ላይ ሆዳችንን ደግፈው እያንፈራገጡን፣ እኛ ውሃ እየጠጣን፣ እየሳቅን፣ እትዬ ዘይነብ ከንፈራቸው በብርድ ጠቁሮ የመጨረሻው ልጅ እስኪወጣ ንቅንቅ አይሉም። ስምንተኛ ክፍል እስክንጨርስ እንዲህ ነበር፤ ከእኛ መካከል ሐይቁ የወሰደው ልጅ የለም።

ትልቅ ሰው ሆኜ፣ እትዬ ዘይነብ ያረፉ ጊዜ ለቅሶ ሄድኩ። ያረጁትን አያ ምስጋናውን አጠገቤ አግኝቼ፣ የእርስዎም የእሳቸውም ዋናተኞች ነን አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ።

"ዘይነብ መች ዋና ታውቅና" አሉ።

ከደነገጥኩበት ስመለስ፣ ታዲያ አንዳችን ብናልፋቸው ምን ሊያደርጉ ኖሯል ብዬ ጠየቅኩ። አያ ምስጋናውም ያኔውኑ ጠይቀዋቸው ነበር።

"ተከትዬው እገባለሁ፤ ሁለተኛ ዳር ቆሜ አላይም ወላሂ፣ ነው ያለችኝ።"

ዛሬ ሰፈሬ ውስጥ ሁሉም የራሱን ልጅ በር ቆልፎ ይጠብቃል፤ የሌላውን ልጅ ጠርቶ የሚቆጣ ሰው የለም። እኔ አስፋልት ዳር ግራ ገብቶት የቆመ ተማሪ ሳይ እጁን ይዤ አሻግራለሁ፤ ወላጆች ምን አገባሽ ይሉኛል፤ አልተውኩም፣ አልተውም። የማን ተማሪ እንደሆንኩ ብነግራቸው ግን እትዬ ዘይነብን የሚያውቅ የለም።