ያልተሳሉት ግመሎች

ባለፈው ሳምንት አንዲት ቀጭን ልጅ ከአዲስ አበባ መጥታ በረንዳዬ ላይ ተቀመጠች። ሥዕሎቼን ሰብስባ ለሕዝብ ልታሳይ ነው፤ ከየሥዕሉ ሥር በሚለጠፈው ወረቀት ላይ ስለ እኔ ጥቂት መጻፍ ፈልጋለች። «አባባ፣ ሥዕል የት ተማሩ?» አለችኝ። ከአንካሳ ግመል አልኳት። እስክሪብቶዋን ወረቀቱ ላይ እንዳሳረፈች ቀረች። ሽማግሌው ዞሮበታል ብላ ያዘነችልኝ መሰለኝ፤ ያቀረብኩላትን ጊሽጣ ፍሬውን እየተፋች ጨረሰች። ለእሷ ያልነገርኳትን እዚህ ልጻፈው።

ጃንሆይ ገና ዙፋናቸው ላይ ነበሩ፤ እኔም ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ይቀረኝ ነበር። ድሬዳዋ ባቡር ጥገና ውስጥ የፉርጎ ቁጥር ቀቢ ነበርኩ። ሥራውን ያስገኘልኝ አባቴ ነው፤ እሱ እዚያው ባቡር ላይ ፍሬን ያዥ ነበር። ቁጥር የተቀደደበት ቆርቆሮ አስደግፎ ቀለም መቀባት ነው፣ ሌላ ጥበብ የለውም። አንድ ቀን ቆርቆሮው ሰለቸኝና በባዶ እጄ 2 ቁጥርን ጻፍኩ። የሁለት ቁጥርን አንገት ታውቁታላችሁ፤ ትንሽ ከቀበጡበት ዝይ ይሆናል። ዓይን ጨመርኩላት። ፉርጎው ዝይዋን ይዞ ጅቡቲ ደረሰ፤ ወሬው ከእሱ ፈጥኖ ተመለሰ።

አለቃዬ አገደኝ። ሰኞ ጠዋት በሰው ሁሉ ፊት ይቅርታ ብጠይቅ እንደሚመልሰኝ፣ ካልጠየቅኩ ግን ደጁን እንዳልረግጥ ነገረኝ። አባቴ ሄጄ እግሩ ላይ እንድወድቅ ለመነኝ። እኔ ደግሞ መጋላ ሰፈር ውስጥ ሻይ ቤት ላላቸው ለሐጂ ዩሱፍ ግድግዳቸውን ልስልላቸው ቃል ገብቼ ነበር። በመጨረሻ ከአባቴ ጋር ተዋዋልን፤ ሐጂ ሥዕሉን ግድግዳው ላይ ካቆዩት ሰዓሊ እሆናለሁ፤ በኖራ ካስጠፉት ሰኞ አለቃዬ እግር ላይ ወድቄ ዕድሜ ልኬን ቁጥር እቀባለሁ።

ሐጂ ያስጠነቀቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ደንበኞቻቸው እዚያው ጥግ ላይ ምንጣፍ አንጥፈው ይሰግዳሉና ነፍስ ያለው ነገር እንዳልስል። ወላሂ አልስልም አልኩ፣ የቄስ የልጅ ልጅ መሆኔን ረስቼ።

ዓርብ ጠዋት ግድግዳው ፊት ቆምኩ። ያን ጊዜም ሆነ ዛሬ ንድፍ የሚባል ነገር አላውቅም። ግድግዳው እስኪያናግረኝ እጠብቃለሁ፤ አንዳንዱ ቶሎ ይናገራል፣ አንዳንዱ እንደ ባለሥልጣን ያስጠብቃል። ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለነበር ጎርፍ የነካው የግድግዳው ግርጌ ጨው አውጥቶ ቡናማ እድፍ ይዟል። ሳየው ሳየው የደቻቱ ወንዝ ደረቅ አሸዋ ሆነ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ደህና አድርጌ አላስታውስም። ከጓዳ የሚጠበስ ፈቲራ ይሸተኛል፣ ውጭ ፍሬ ሻጭ ሴቶች ዘይቱን እያሉ ይጣራሉ፣ እጄ ይሄዳል። ቀና ስል አራት ግመሎች ከነጭነታቸው አሸዋው ላይ ቆመዋል።

ሐጂ ከጁምዓ ሲመለሱ አዩአቸው። አልጮሁም፤ ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር።

«ወሪያ፣ አንተ ልጅ፣ እነዚህ ምንድን ናቸው?»

ሲመጡ አላየኋቸውም አልኳቸው። እውነቴን ነበር። ነገ ጠዋት ኖራ እንደሚቀቡት ነግረውኝ ወደ ሻያቸው ዞሩ።

ኃጢአቴን በራሴ እጅ ላጥፋ ብዬ ከሰዓት በኋላ ግመሎቹን አንድ በአንድ በአሸዋ ቀለም ሸፈንኳቸው። ባዶውን አሸዋ ሳየው ግን አሳዘኑኝ። ሁለቱን መዳፎቼን ቀለም እያስነካሁ ያለፉበትን ዳና አተምኩ፤ ስንብት እንኳን ይኑራቸው ብዬ።

ቅዳሜ ጠዋት ሐጂ የኖራ ባልዲያቸውን ይዘው ሲመጡ እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ የሰኞውን ይቅርታ በልቤ አጠናለሁ። ግድግዳው አጠገብ አብዲ ተቀምጧል፤ ከጀልዴሳ በግመል እንጨት እያመጣ የሚሸጥ ሰው ነው። ፈቲራውን ወደ አፉ እንደወሰደ እጁ አየር ላይ ቆመ።

«አራት ናቸው» አለ። «ሦስተኛዋ ታነክሳለች። የፊት ግራ እግሯን።»

ሐጂ ባልዲውን እንደያዙ ጎንበስ አሉ። «የታለች?»

«አለፈች አቦ። አሁን ነው ያለፈችው።»

ሐጂ ግድግዳው ወደሚያልቅበት፣ ወደ በሩ ዞረው ተመለከቱ። እኔም ዞርኩ፣ ሥዕሉን የሳልኩት እኔው ራሴ። ደንበኞቹ ብርጭቋቸውን እንደያዙ ተሰበሰቡ። አንዱ ጭነት በዝቶባት ነው ሲል ሌላው እሾህ ነው አለ፤ አንድ ሽማግሌማ እንዲህ አድርጎ የሚጭናትን ባለቤቷን መራገም ጀመሩ። ሐጂ መንገድ ላይ ትቀር ይሆን ብለው ሲጠይቁ አብዲ ዳናውን እስከ መጨረሻው በጣቱ ተከተለው።

«ታነክሳለች፤ ግን ትደርሳለች» አለ።

ሐጂ አሰቡ፣ አሰቡና፣ «ግድግዳው ላይ ነፍስ ያለው ነገር የለም» ብለው ፈረዱ። «ግመሏ ያለችው አብዲ ጭንቅላት ውስጥ ነው። እሷን አላህ አብዲን ይጠይቀው።» በኖራው የጓሮውን ሽንት ቤት ቀቡበት።

እሑድ አባቴ መጣ። ሻዩን ሳይጨርስ ሁለት ጊዜ ተነስቶ ግድግዳውን በቅርብ አየው። ወሬው ደርሶት ኖሮ፣ ግመሎቹስ አለኝ፤ አለፉ አልኩት። ሰኞ ንጋት ላይ ግን እንደ ወትሮው አንሶላዬን ሳይገፍ፣ ጫማውን በዳበሳ ፈልጎ ብቻውን ወጣ። ነቅቼ ነበር። እንዲደሰት አንኮራፋሁለት።

ከዚያ ግድግዳ ሌላ ግድግዳ መጣ፤ ሱቅ፣ የጭነት መኪና፣ የሙሽራ ሳጥን፣ በኋላም ሸራ። ሊቃውንት ስለ ሥራዬ ሲናገሩ እየሰማሁ እኔም ትልልቅ ቃል ለምጄ ነበር። አሁን ግን ልናዘዝ። ያቺ ግመል ያነከሰችው በጥበቤ አይደለም። ከመታገዴ በፊት የፉርጎ በር የግራ አውራ ጣቴን ቆንጥጦት ነበር፤ ሦስተኛዋ ላይ ስደርስ ስለጠዘጠዘኝ ግራ መዳፌን ሳሳ አድርጌ ነበር የማትመው። አራተኛዋን በቀኜ ብቻ ጨረስኳት። ይህን ለአብዲ ነግሬው አላውቅም። ይሁንና እጄ አውቆት እኔ ካላወቅኩት ነገር በቀር የሚረባ ሥዕል ስዬ አላውቅም።

ልጅቷ ትናንት ተመልሳ መጣች። የመጨረሻው ሸራ ገና እኩሌታው ነጭ ነው። እጄ ዛሬ ዛሬ ይንቀጠቀጣል፤ መስመሩ ወደ ፈለገበት ይሄዳል፣ እኔም እከተለዋለሁ። ቆማ ስታየኝ ቆየችና፣ «አባባ፣ ለመክፈቻው ይደርሳል?» አለችኝ።

«ታነክሳለች» አልኳት፤ «ግን ትደርሳለች።»

ማን እንደምትመጣ ልታይ ወደ በሩ ዞረች።